የባቡሩ ትርፍ ከቲኬት ወይስ ከመሬት?

ከከተማ ዳር ሠራተኛ የሚያመላልስ ባቡር በቲኬት ሽያጭ ብቻ ወጪውን ይሸፍናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ታሪፉ ከፍ ሲል ተሳፋሪው ይሸሻል፤ ዝቅ ሲል የጥገና ገንዘብ ይጠፋል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን አንድ ጃፓናዊ ለዚህ ችግር መላ አግኝቶለታል።

ኢቺዞ ኮባያሺ የሚትሱይ ባንክ ሠራተኛ ነበር። ባንኩን ለቆ የሚመራው የባቡር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1910 ሁለት የኤሌክትሪክ ባቡር መስመሮች ከፈተ። ዋናው ከኦሳካ ታካራዙካ ይደርሳል። ሁለተኛው ከዋናው ላይ ኢሺባሺ ጣቢያ ተገንጥሎ ሚኖ ከተማ ላይ የሚያበቃ የ4 ኪሎ ሜትር ቅርንጫፍ ነው። አካባቢው በአመዛኙ ገጠር ስለነበር ተሳፋሪው ከየት ይመጣል የሚል ጥርጣሬ ነበር።

ኮባያሺ ግን ባቡሩ ሥራ ሳይጀምር በመስመሩ ዳርና ዳር መሬት በርካሽ ገዝቷል። በ1910 ኢኬዳ ላይ፣ በ1911 ደግሞ በቅርንጫፉ መስመር ሳኩራይ ላይ መኖሪያ ቤቶች ለገበያ አቀረበ። ሙሉ ዋጋ በአንዴ መክፈል ለማይችለው ደመወዝተኛም የረጅም ጊዜ ወርሃዊ ክፍያ አመቻቸ። ቤት የገዛ ሁሉ የዕለት ተሳፋሪ ሆነ። ባቡሩ ሠራተኛውን ኦሳካ አራግፎ ባዶውን እንዳይመለስም ሚኖ ላይ የአራዊት ማሳያ፣ ታካራዙካ ላይ የፍል ውኃ መዝናኛ ከፈተ። ሁሉም አልሰመረለትም፤ የአራዊት ማሳያው በ1916 ተዘግቷል። ቅርንጫፉ ግን ዛሬም በሃንኪዩ ኩባንያ ሥር በ4 ጣቢያዎች መካከል ይመላለሳል።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ታሪፉ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። በዚህ ገቢ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ መግዛት እንደማይቻል ለማወቅ የሂሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የኮባያሺ ዘዴ እንዳለ አይቀዳም። ይህ ግን ጉዳዩን ያቀለዋል እንጂ አያከብደውም። ሐዲዱን የዘረጋውም፣ መሬቱን በሊዝ የሚያከራየውም መንግሥት ነው። ስለዚህ በጣቢያዎች ዙሪያ ከሚሰበሰበው የሊዝ ገቢ ለጥገና የሚውል ቋሚ ድርሻ በሕግ ሊመደብ ይገባል።

በሐዲዱ ምክንያት ዋጋው የናረ መሬት ለባቡሩ አንዲት ብሎን እንኳ ካልገዛለት፣ ትርፉ የግለሰብ፣ ኪሳራው የመንግሥት ሆኖ ይቀራል። በየጣቢያው ቆሞ የሚጠብቀው ሠራተኛ ደግሞ የኪሳራውን ድርሻ በሰዓቱ ይከፍላል።