የዶሮ ቤቱና የሰንበት ጥያቄ

ለዚህ ዕትም የመረጥነው ጥያቄ ከሩቅ የመጣ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፣ በደማምና በኮበር አካባቢ፣ አል ራዋቢ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት የምታገለግል እኅታችን በግቢው ጥግ ያሉትን ጥቂት ዶሮዎች የምትጠብቀው እርሷ ናት። የዶሮ ቤቱ ወለል አሸዋ ነው። በዚያ አገር ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ በመሆኑ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ የዶሮ ቤቱም ትልቁ ጽዳት በእሑድ ጠዋት ላይ ወድቆባታል። «ሰንበትን እየሻርሁ ይሆን?» ብላ ትጠይቃለች።

የነፍስ ነገር ለነፍስ አባት የሚቀርብ ነውና፣ ዝርዝሩን በስልክም ቢሆን ለመምህረ ንስሐዋ እንድትነግር እንመክራታለን። ይሁን እንጂ ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በሬውንና አህያውን በሰንበት ፈትቶ ውኃ የሚያጠጣውን ሰው እንዳልነቀፈ እናውቃለን። በተዘጋ ቤት ያለች ዶሮ ራሷን አታጠጣም፣ ከእግሯ ሥር ያለውንም አታነሣም። እርሷን መጠበቅ የምሕረት ሥራ ነው። ለሳምንት የተከማቸውን ቆሻሻ ለሰንበት ማሳደር ግን ሌላ ነገር ነው፤ መፍትሔው ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል።

አሸዋ ለዕለት ተዕለት ጽዳት የተመቸ ጉዝጓዝ ነው። ኩሱ ከላዩ ይደርቃል እንጂ እንደ ገለባ ውስጥ ገብቶ አይቦካም። ስለዚህ በየማለዳው ጥርስ ባለው መቧጠጫ ሰብስቦ በወንፊት መንፋት ይበቃል፤ አሸዋው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ኩሱ ይወጣል። ለትንሽ ቤት ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ስድስቱን ቀን ለሠራ ሰው የሰባተኛው ቀን ድርሻ ከውኃና ከመኖ ጋር ጥቂት ብቻ ይሆናል፤ ትልቁን ጽዳትም አሠሪዎቿን አስፈቅዳ ወደ ሌላ ቀን ለማዛወር ትችላለች።

አሸዋው ግን ሁሉ አንድ አይደለም። የበረሃው ደቃቅ አሸዋ አቧራ ይሆናል፣ የባሕር ዳርቻው ጨው አለበት፤ ለግንባታ የሚሸጠው ታጥቦ የደረቀ ሻካራ አሸዋ ይሻላል። አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይኑረው። ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። የፍልሰታ ጾም በሚውልበት በነሐሴ የባሕረ ሰላጤው ወበቅ ይበረታል። ያን ጊዜ የውኃው ዕቃ እንዳይፈስ ከፍ ባለ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ የረጠበው አሸዋ ወዲያው ተዝቆ ይውጣና በደረቅ ይተካ። ኩስ ሲረጥብ አሞንያ የሚባለው ጋዝ ይወጣዋል፤ የሰውንም የዶሮንም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስም ሞቃትና እርጥብ ጉዝጓዝን ይወድዳል። ለመመርመር በዶሮዋ ቁመት ልክ ጎንበስ ብሎ ማሽተት ይበቃል፤ አፍንጫን የሚሰነፍጥ ከሆነ አሸዋውን መለወጫው ደርሷል።

እኅታችን ዶሮዎቹን ስትጠብቅ ራሷንም ትጠብቅ። አሸዋ ስትነፋ አፍና አፍንጫዋን በማስክ ትሸፍን፣ ሥራውን ስትጨርስ እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ የሞተ ዶሮ ብታገኝ በባዶ እጇ አትንካ። ሥራው በንጋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይፈጸም። በዚያ አገር በድርጅት የሚሠሩ ሠራተኞች ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ሥር እንዳይሠሩ ተከልክሏል፤ በሰው ቤት የሚሠራም ያንኑ ሰዓት ቢሸሽ መልካም ነው። እየጾመች ከሆነ ይህ ምክር ይበልጥ ያስፈልጋታል።

ይህ ነገር የገዳማትንም ነዋሪ ይመለከታል። እንደ ደብረ ዳሞ ባለው ገዳም እንስት እንስሳ ስለማይገባ ዶሮ አይታሰብም፤ በሌሎች ገዳማት ግን የዶሮ እርባታ ከልማት ሥራዎች አንዱ ነው። በደጋ ምድር አሸዋውን እንዳለ መቅዳት አይገባም። እነርሱ በነሐሴ ወበቅ ሲያስጨንቃቸው እኛ ክረምት ላይ ነን፤ ጣራው የሚያፈስ ከሆነ አሸዋው ጭቃ ይሆናል፣ ሌሊትም ለጫጩት ይቀዘቅዛል። ለደጋ ደረቅ ገለባ ወይም ሰጋቱራ ይሻላል። የወጣው ኩስም ትኩሱን ለአትክልት አይሰጥ፣ ሥር ያቃጥላልና፤ ከቅጠልና ከገለባ ጋር ለወራት በስብሶ ማዳበሪያ ይሁን።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ፍቅሩን ጫጩቶቿን በክንፎቿ በምትሰበስብ ዶሮ መስሎታል። እርሱ ምሳሌ ያደረጋትን ፍጥረት ማገልገል ዝቅተኛ ሥራ አይደለም። በየማለዳው የሚነፋ አሸዋ ቆሻሻ አያከማችም፤ በየማታው ራሱን የሚመረምር ሰውም ለንስሐ ሲቀርብ ሸክሙ ይቀልለታል። አባቶቻችን ጸሎትን በየሰዓቱ የከፈሉት ለዚህ ነው፤ ሁሉን ለአንድ ቀን ያሳደረ በዚያ ቀን ይደክማልና። በስደት ያላችሁ እኅቶቻችንንና ወንድሞቻችንን በጸሎታችን እናስባችኋለን፤ እናንተም አስቡን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።