ፒክአፗ ዝቅ ትበል፤ ዘንጓ ግን አይረሳ

ዛሬም የመጣልን የፍቅር ጥያቄ ነው። የተፈቀረችው ግን ልጅ አይደለችም... መኪና ናት!

ጠያቂያችን የ24 ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አባታቸው ሲያርፉ ለሁለት ወንድማማቾች የተረፈች አንዲት ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለች፤ በአውሮፓውያን 1980ዎቹ የተሠራች፣ በኋላ እግሯ ብቻ የምትነዳ። ታላቅየው በሥራ ቀን ከመርካቶ ዕቃ ያመላልስባታል። የቤት ኪራዩም የእናታቸው መድኃኒትም የሚወጣው ከእሷ ነው። ታናሽየው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ለሠርግ ያከራያታል፤ ካሜራ የያዙ ልጆች ከኋላ ቆመው ሙሽሮቹን እየቀረጹ ይሄዳሉ። አሁን ታናሽየው “መሬት የምትልስ ትሁንልኝ” ብሏል። ታላቅየው “እጅህን ከመኪናዋ ላይ አንሳ!” አለው። አንድ ጋራዥ ደግሞ “ባሌስትራውን በእሳት አሙቀን በአንድ ሰዓት ዝቅ እናደርግልሃለን” ብሎታል። “ማንን ልስማ?” ይላል ደብዳቤው።

ወንድሜ፣ ጋራዡን አትስማ! ወንድምህን ስማው፤ ግን ያንተም ፍላጎት ነውር የለበትም። ትንንሽ የጃፓን ፒክአፖችን ዝቅ ማድረግ የካሊፎርኒያ ወጣቶች በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ያበዱለት ፋሽን ነበር። ችግሩ ዝቅ ማለቷ አይደለም፤ እንዴት ዝቅ እንደምትል ነው።

ከሆዷ ሥር ምን አለ?

ከካምቢዮው ተነስቶ እስከ ኋላው ዲፈረንሻል የሚሄድ፣ የሚሽከረከር ረጅም ዘንግ አለ። ጫፍና ጫፉ ላይ ክሮቼራ የምንለው መስቀል አለ፤ ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው እሱ ነው። ይኼ ክሮቼራ ክፉ አመል አለው። ካምቢዮው እኩል እያዞረው እንኳን፣ ከታጠፈ ከወዲያ በኩል የሚወጣው ዙር እኩል አይሆንም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። ታዲያ መኪና ሁሉ ለምን አይንቀጠቀጥም? የኋላኛው ክሮቼራ የፊተኛውን አመል ስለሚያጣፋው ነው። የሚያጣፋው ግን የሁለቱ እጥፋት እኩል ሲሆን ብቻ ነው!

መኪናዋን ዝቅ ስታደርግ እነዚህን እጥፋቶች እየነካካህ ነው። እኩልነታቸው ከተበላሸ በፍጥነት ስትሄድ ወለሉ ይርገበገባል፣ ስትነሳ “ቀጭ!” የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ክሮቼራ ቶሎ ቶሎ ይበላል። ክሮቼራ እየሄድክ ከተሰበረ ደግሞ ዘንጉ ወድቆ መሬት ይመታል። ያን ጊዜ ከኋላ ካሜራ ይዞ የቆመው ልጅ ምን ይሁን?

የማይደረጉ ሁለት ነገሮች

አንደኛ፣ ባሌስትራ በእሳት አይነካም። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በልዩ ሙቀት ታክሞ ነው። በጋራዥ እሳት ካሞቅከው ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ ወይ እያደር ይረግባል ወይ ጭነት ላይ ይሰበራል።

ሁለተኛ፣ ከባሌስትራው ላይ ቅጠል እየቀነሱ ማውጣት። መኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ ግን የመሸከም አቅሟም አብሮ ይወርዳል። ነዳጅ ስትሰጣት የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ይጠመዘዛል፤ እጥፋቱም ይዛባል። ዕቃ ለምታመላልስ መኪና ይኼ አይሆንም።

የሚያዋጣው መንገድ

መጀመሪያ ከሥሯ ግባና እይ። ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ከሆነ በመሃላቸው ጠንካራ የብረት መደብ ይገባል፤ በሱም ልክ መኪናዋ ዝቅ ትላለች። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነ ግን ያው መደብ ዝቅ በማድረግ ፈንታ ከፍ ያደርጋታል! ያኔ አክስሉን ከባሌስትራው በላይ ማዛወር ይጠይቃል፤ እሱ ለጀማሪ አይደለም። ለሥራ መኪና 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። መሬት ትላስ ካልክ ሻንሲ ወደ መቁረጥ ትሄዳለህ።

ከፊት የዚያን ዘመን ሃይሉክስ ብዙውን ጊዜ ቶርሽን ባር አላት፤ በማስተካከያ ቡሎኑ ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ የጎማ አላይመንት ካላሠራህ ጎማው በጎን ያልቃል።

አሁን ወደ ዘንጉ እንምጣ። ምንም ከመነካቱ በፊት ሜዳ ቦታ ላይ በጎማዋ ቆማ (በክሪክ ተንጠልጥላ አይደለም!) ሦስት ነገር ይለካ፤ የካምቢዮው መውጫ፣ ዘንጉ፣ የዲፈረንሻሉ መግቢያ። የዲግሪ መለኪያ ከሌለ ሞባይልህ ላይ ያለው ውኃ ልክም ይረዳል። ምሳሌ ልስጥህ፤ ካምቢዮው ወደ ኋላ 3 ዲግሪ፣ ዘንጉ 5 ዲግሪ ቢያዘቀዝቁ የፊተኛው እጥፋት 2 ነው። ዲፈረንሻሉም 3 ካሳየ የኋላኛው 2 ይሆናል፤ እኩል ናቸው ማለት ነው። እያንዳንዱ እጥፋት ከ3 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ዜሮም ግን አይሁን፤ በክሮቼራው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የኩሽኔታ መርፌዎች ካልተንቀሳቀሱ እዚያው አንድ ቦታ ላይ ይበላሉ።

የባሌስትራ መኪና ስትነሳ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ትንሽ ቀና ስለሚል፣ ቆማ ሳለ 1 ወይም 2 ዲግሪ ደፋ አድርጎ መተው የተለመደ ነው። ከዝቅታው በኋላ እንደገና ይለካ። ልኩ ከተዛባ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል በአንድ ወገን የሳሳ ሽብልቅ ብረት ይገባል፤ በየትኛው ወገን እንደሚሳሳ የሚነግርህ ልኬቱ እንጂ ግምት አይደለም። ረጅሟ ፒክአፕ ዘንጓ ሁለት ቁራጭ ሆኖ መሃሉ በኩሽኔታ የተያዘ ከሆነ ሦስቱም ክሮቼራ መለካት አለበት። የመሃሉ ኩሽኔታም በስስ ብረት ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ሊያስፈልገው ይችላል።

ሌላው ርዝመት ነው። አክስሉ ወደ ሻንሲው ሲጠጋ ዘንጉ በተንሸራታች ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባል። በጎማዋ ቆማ ሳለ ገና 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል የሚገባበት ቦታ ይኑረው። ያ ቦታ ካለቀ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ዘንጉ ፊቱ ያለውን ይገፋል፤ ካምቢዮውን ከኋላው ያሳምመዋል፣ ዘይትም ማንጠብጠብ ይጀምራል። ያን ጊዜ ዘንጉን ማሳጠርና ሚዛኑን ማስጠበቅ የባለሙያ ሥራ ነው። አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የሚከላከለው ላስቲክ በፍጹም አይወገድ፤ አሞርዛተሩም ለአዲሱ ቁመት የሚሆን ይሁን።

ብዙዎች የሚረሱት ፍሬን

አንዳንድ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስል ጋር የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አላቸው። ቫልቩ ሻንሲው ወደ አክስሉ ሲጠጋ “ተጭናለች” ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። መኪናዋን ዝቅ ስታደርግ ባዶዋን ሳለች ይታለላል! በዝናብ አስፋልት ላይ ድንገት ፍሬን ስትይዝ የኋላ ጎማዎች ተቆልፈው ልትዞርብህ ትችላለች። ስለዚህ ቫልቩ ለአዲሱ ቁመት ይስተካከል። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹም ተጣጥፈው ወይም የሚሽከረከር ነገር ነክተው እንዳይሆን ይታይ።

እና ምን ላድርግ?

ሥራው ሲያልቅ ቀጥታ ወደ ሠርግ አትሂድ! መጀመሪያ ባዶዋን ንዳት። ቀጥሎ ወንድምህ በሥራ ቀን የሚጭነውን ያህል ጫንና እንደገና ለካ፤ ፒክአፕ የሚፈተነው በጭነት ነው። በዚያው ጭነት የሠፈራችሁን የፍጥነት መቀነሻ እለፍባት፤ ከታች የሚነካ ነገር ካለ ይነግርሃል። ሳምንት ከነዳሃት በኋላ ቡሎኖቹ በሙሉ ደግመው ይጥበቁ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ግን አንድ ነገር አለ። መኪናዋ የሁለታችሁ ናት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ታክሱን ከሰቀለው ወዲህ ሌላ ፒክአፕ መግዛት ቀላል እንዳልሆነ ታውቃለህ። ወንድምህ የፈራው ፋሽኑን አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ መፍታቱን ነው። ይዘኸው ወደ መካኒኩ ሂድ፣ ልኬቱን አብራችሁ እዩ፣ “5 ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ በሥራሽ ሳትገባ” በሉና ተስማሙ። “እምቢ” ካለህም ቀለሟንና ቸርኬዋን አሳምርላት፤ እሱም ያምራል። የእናት መድኃኒት ከፋሽን ይቀድማል።