ዝምታም ስንቅ ይፈልጋል



«ሶላትሽ ላይ ልብሽ የሚበተነው ኢማንሽ ስለደከመ ነው፤ ጫጫታው ሰበብ ነው» ተብለሽ ታውቂያለሽ? እኔ ይህን ምክር አልቀበለውም።

ካትሌሆንግን ተመልከቺ። ከጆሃንስበርግ ደቡብ ምሥራቅ፣ ጀርሚስተን አጠገብ ያለ ሰፊ ሎኬሽን ነው። እዚህ ከሱቅ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል የሚኖሩ እህቶች አሉን። ሳይነጋ የታክሲ ጥሩምባ ይጀምራል። ቅዳሜና እሁድ አማፒያኖው እስከ ሌሊት ነው። ደንበኛ የብረት ፍርግርጉን እየመታ ዳቦና ኤርታይም ይጠይቃል። ልጅ ያለቅሳል፣ ከአገር ቤት ስልክ ይጠራል። እኛ ደግሞ «ሶብር አድርጊ» እንላታለን!

ነርስ ነኝ። ዓይን ክዳን አለው፤ ጆሮ ግን የለውም። ተኝተን እንኳ ድምፅ ሲመጣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ፣ የሌሊት ድምፅ ከቤት ውጭ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የመከረው ለዚህ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። ይህን የኢማን ጉድለት ማለት ግፍ ነው።

በጫጫታ መሐል ልቧ የሚረጋ ሴት የለችም አልልም። እሱ የአላህ ስጦታ ነው። የአንዷን ስጦታ ግን የሌላዋ መመዘኛ አናድርገው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እያሰገዱ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናቲቱ አዝነው ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር፤ እሷን አልወቀሱም። ወሕይ ከመምጣቱ በፊት በሒራ ዋሻ ለብቻቸው ሲቆዩም፣ ስንቃቸው ሲያልቅ ወደ ኸዲጃ (ረ.ዐ) ተመልሰው ሌላ ስንቅ ይይዙ ነበር። ከዚያ ዝምታ ጀርባ ስንቅ የሚያዘጋጁ ሚስት ነበሩ። ላንቺስ ዝምታ ስንቅ የሚቋጥርልሽ ማነው?

ስለዚህ ባልሽን ሰዓት ጠይቂው። ከሱብሒ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ መስኮቱ ላይ እሱ ይቁም፣ ልጁን እሱ ይያዝ፣ ስልክሽም ይጥፋ። «ገበያ ያመልጠናል» ካለሽ፣ የሚያመልጠው ጥቂት ዳቦ መሆኑን ንገሪው። ሚስቱ በድካም ከታመመች የሚያጣው ከዚያ ይበልጣል።

አንቺ ጸጥ ያለ ቤት ያለሽ እህቴ ደግሞ፣ ስለ ኹሹዕ የድምፅ መልእክት ከመላክሽ በፊት ልጆቿን ላንድ ከሰዓት ውሰጂላት።

አላህ ልባችንን ያርጋልን፤ አንዳችንን ለአንዳችን የእረፍት ሰበብ ያድርገን። አሚን።