ከመሶቡ ሌላ ጎተራውም ይታይ

ዝናብ በዘገየበት ወራት ገበሬ በማሳው ዳር ቆሞ የስንዴው ቅጠል ተጠቅልሎ ካየ «አዝመራዬ ተጠማ» ይላል። ይህ የዓይን ፍርድ ከአባቶች የተወረሰ ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ተክሉ ምን ያህል እንደ ተጨነቀ፥ ችግሩንም ለመቋቋም በውስጡ ምን እንዳሰናዳ ዓይን ብቻውን ሊነግረን አይችልም። ይህን በይበልጥ ለመረዳት የተክሉን የጭንቀት ሆርሞኖች መለካት ያስፈልጋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናሳስብ የፈለግነውም ልኬቱ ግማሽ ሆኖ እንዳይቀር ነው።

ተክል ውሃ ሲያጥረው አብሲሲክ አሲድ የሚባለውን ሆርሞን ያበዛል። ሆርሞኑም በቅጠሉ ላይ ያሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች እንዲዘጉ ያዛል፤ ተክሉም የቀረችውን ውሃ ይቆጥባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ. ም. ራይትና ሂሮን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ባደረጉት ምርመራ፥ ተቆርጦ በጠወለገ የስንዴ ቅጠል ውስጥ ይኸው ሆርሞን እስከ 40 እጥፍ ሊጨምር እንደሚችል ገልጠዋል።

ይህ ሆርሞን ግን በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ነጻው ሲሆን፥ ሥራውን የሚሠራው እርሱ ነው። ሁለተኛው ከግሉኮስ ስኳር ጋራ ተጣምሮ የታሰረው ነው፤ ታስሮ ሳለ ሥራ የለውም፥ በሕዋሱ ጓዳ ተከማችቶ ይቆያል። በ2006 የኮርያ ተመራማሪዎች አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ ተክል ላይ እንዳሳዩት፥ ውሃ ሲጠፋ አንድ ኤንዛይም ማሰሪያውን ፈትቶ ሆርሞኑን ነጻ ያወጣዋል። እንግዲህ ነጻውን ብቻ ለክቶ ስለ ተክሉ መፍረድ፥ መሶቡን ከፍቶ ጎተራውን ሳያዩ «ይህ ቤት ድኻ ነው» እንደ ማለት ይሆናል።

አንባቢ «የታሰረው ሁሉ ስንቅ ነው» ብሎ እንዳይደመድም ደግሞ የጃስሞኒክ አሲድን ነገር እንጨምር። ይህኛው ሆርሞን ተክል በነፍሳት ሲበላ ወይም ሲቆረጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚበዛ ነው። እርሱ ግን ዋናውን ትእዛዝ የሚሰጠው አይሶሉሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋራ ሲጣመር ነው። ስለዚህ መጣመር ለአንደኛው እስራት ሲሆን ለሌላው ሹመት ነው።

ተማሪ ሳለን የደረሰብንን ብንናገር አያሳፍረንም። ውሃ የተነፈገውን ስንዴ ከጠገበው ጋራ ለማነጻጸር ቅጠሉን በጠዋት ቆርጠን፥ በወረቀት ከረጢት አድርገን፥ በጠራራ ፀሐይ በአውቶቡስ ወደ ላቦራቶሪ ተጓዝን። ስንደርስ የጠገበውም የተጠማውም አብሮ ጠውልጎ ነበር። መምህራችን ከረጢቱን ከፍተው አዩና «ልጆቼ፥ የምትለኩት የማሳውን ድርቅ ነው ወይስ የከረጢቱን?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። የአንድ ወቅት ድካማችን በአንድ ጥያቄ ፈረሰ። ዛሬ ግን እናመሰግናቸዋለን፤ እርሳቸው ዝም ቢሉ ኖሮ የከረጢቱን ድርቅ በማሳው ስም ጽፈን እንመረቅበት ነበርና።

ትክክለኛው አሠራር የሚጀምረው ከማሳው ነው። ቅጠሉ እንደ ተቆረጠ ወዲያው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚሆን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይነከራል፤ ያን ጊዜ በውስጡ ያለው ለውጥ ባለበት ይቆማል። እንደ ደረቀ በረዶ ሆኖ ሳለ ይፈጭና ሆርሞኑ በሜታኖል ተጨምቆ ይወጣል። ሲጨመቅም ክብደቱ ከፍ ባለ ሃይድሮጅን ምልክት የተደረገበት ተመሳሳይ ሆርሞን ተመጥኖ ይጨመርበታል፤ በሥራው መካከል የባከነው ስንት እንደሆነ በዚህ ይታወቃል። በመጨረሻም ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ ነጻውንም የታሰረውንም ለየብቻ ይለካል። መስፈሪያውም ናኖግራም፥ ማለት የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው።

«ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ቅጠል?» የሚል ይኖር ይሆናል። አዎን፥ ለአንድ ቅጠል ነው፤ ከቅጠሉ በስተኋላ ግን ዘሩ አለ። ድርቅን የሚችል ዘር የሚመርጥ ሰው ብዙ ሆርሞን ያገኘበትን «ብርቱው ይህ ነው» ብሎ ቢያነሣ፥ ምናልባት ያነሣው ከሁሉ አብልጦ የተጠማውን ይሆናል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው፥ አንድ ጊዜ የተጻፈ የተሳሳተ ቍጥር ከመዝገብ ወደ መዝገብ ሲሻገር ይኖራል። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ጻፊው ሳይሆን ዘሩን አምኖ የዘራው ገበሬ ነው።

ስለዚህ በበኩላችን የምንለው ይህ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ውድ መሣሪያ ከመገዛቱ አስቀድሞ ናይትሮጅኑ እስከ ማሳው የሚደርስበት መንገድ፥ ቅጠል የሚቆርጠውም እጅ ትምህርት ይሰናዳ። ውጤቱን የሚጽፍም ሁሉ ቅጠሉ በስንት ሰዓት እንደ ተቆረጠ፥ በስንት ደቂቃ እንደ ቀዘቀዘ፥ የተለካውም ነጻው ብቻ ይሁን ወይም ከታሰረው ጋራ በግልጽ ያስታውቅ። ይህን ለመጻፍ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የመምህራችንን ጥያቄ ሌላ ሰው ሳይጠይቀን ራሳችንን መጠየቅ ብቻ ነው።