በግብር ወረቀት ላይ ስለ ተገኘች አንዲት መስመር

በቦስተን ከተማ የሚኖሩ አንድ አንባቢያችን በቅርቡ በጻፉልን ደብዳቤ የቤታቸውን የግብር ወረቀት ግልባጭ አያይዘው፥ ከታች በኩል በምትገኘው አንዲት መስመር ላይ በቀይ ቀለም አስምረውባታል። «ግብሬን በጊዜው የምከፍል ሰው ነኝ፤ ታዲያ ይህች ከግብሩ በላይ የተጨመረችው ገንዘብ መቀጫ ናት ወይስ ምንድን ናት?» ሲሉ ይጠይቃሉ። በደብዳቤው መጨረሻ ደግሞ እንደ ዋዛ ያነሡት ሌላ ነገር አለ። ታናሽ እኅታቸው ከሁለት ልጆቿ ጋር በእርሳቸው ቤት ተጠግታ እንደምትኖርና፥ በተመጣጣኝ ኪራይ ለሚሰጥ ቤት ስሟን ካስመዘገበች እነሆ አራተኛ ዓመቷን መያዟን ይነግሩናል። ወንድማችን ሁለቱን ነገሮች የጻፏቸው ለየብቻ ነው። እኛ ግን ደብዳቤውን ደግመን ስናነበው የጥያቄያቸው መልስና የእኅታቸው ችግር በአንድ ሕግ ውስጥ የሚገናኙ መሆናቸውን ስላየን፥ በዚያ አገር ለሚኖሩ ለሌሎችም ቤተ ሰቦች ይጠቅማል በማለት በዚህ ዓምድ ልንጽፈው ወደድን። ዓመታቱን ሁሉ ያኖርነው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

መስመሯ መቀጫ አይደለችም። የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት አገረ ገዥ የነበሩት ፖል ሴሉቺ በ2000 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 14 ቀን በፈረሙት ሕግ መሠረት፥ እያንዳንዱ ከተማ ነዋሪውን በድምፅ ጠይቆ ከተፈቀደለት፥ በቤትና በቦታ ግብር ላይ ከመቶ እስከ 3 እጅ የሚደርስ ጭማሪ መሰብሰብ ይችላል። ስሙ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሕግ እንደ ማለት ነው። ገንዘቡ ለክፍት መሬትና ለመናፈሻ፥ ለጥንት ሕንፃዎችና ቅርሶች፥ እንዲሁም ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆነ ሰዎች መኖሪያ ቤት ካልሆነ በቀር ለሌላ ሥራ አይውልም። ሕዝቡ ካልወደደ ጭማሪው አይጣልም፤ አንድ ጊዜ ከወደደ ደግሞ አምስት ዓመት ሳይሞላ ሊሽረው አይችልም። በዚያ ክፍለ ግዛት ካሉት 351 ከተሞች ከግማሽ የሚበልጡት ሕጉን ተቀብለውታል። የቦስተን ሕዝብ በ2001 ዓ.ም. ተጠይቆ አይሆንም አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ኖቬምበር ወር እንደ ገና ሲጠየቅ ግን ድምፅ ከሰጡት ከመቶው 74 ያህሉ ይሁን አሉ።

የቦስተን ጭማሪ ከመቶ 1 ነው። ይህም የሚታሰበው በግብሩ ላይ እንጂ በቤቱ ዋጋ ላይ አለመሆኑን ወንድማችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን፤ ያስደነገጣቸው ይህ ይመስለናልና። ከመኖሪያ ቤቱም ዋጋ የመጀመሪያው 100,000 ዶላር ከጭማሪው ነጻ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ዋጋ የሚደርሰው ግብር በዓመት 6,000 ዶላር ቢሆን፥ በመስመሯ ላይ የሚጻፈው 60 ዶላር ይሆናል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ባለቤት አመልክቶ ሲረጋገጥለት ጨርሶ አይከፍልም፤ ዕድሜአቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎችም የገቢው ወሰን ከፍ ተደርጎላቸዋል። ይህን የማያውቁ አረጋውያን ወገኖቻችን ጥቂት አይመስሉንም።

ሕጉ ከየት እንደ መጣ መናገር ያስፈልጋል፤ ዛሬ ያለበትም ጉድለት ከአመጣጡ የተወረሰ ነውና። ናንተኬት በምትባለው ደሴት ሀብታሞች የበጋ መቈያ ቤት ለመሥራት መሬቱን እየተሻሙ ስለ ገዙት፥ ደሴቲቱ በ1983 ዓ.ም. መሬትና ቤት ሲሸጥ ከዋጋው ከመቶ 2 እጅ እየተወሰደ ክፍት መሬት የሚገዛበት ገንዘብ አቋቋመች። ሌሎች ከተሞችም ይህን ሊከተሉ ሲነሡ ቤት የሚያሻሽጡ ደላሎች አጥብቀው ተቃወሙ። ብዙ ዓመት ከተከራከሩ በኋላ የተደረሰበት ስምምነት ዕዳውን ከሻጭና ከገዥ አንሥቶ በየዓመቱ ግብር በሚከፍለው ባለ ቤት ላይ አደረገው። መሬት የሚያድኑ፥ ቅርስ የሚጠብቁና ለድኻ ቤት የሚሹ ሦስት ወገኖች ለየብቻ ቢሄዱ ሕጉን ማሳለፍ ባልቻሉም ነበር። ተባበሩና አንድ ከረጢት አገኙ፤ በዚያው ቀንም የከረጢቱ አከፋፈል ጭቅጭቅ አብሮ ተወለደ።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ከሚገባው ገንዘብ ለሦስቱ ለእያንዳንዳቸው ከመቶ 10 እጅ ሳይሰጥ ወይም ሳይቀመጥ አይታለፍም። ለጽሕፈት ቤት ሥራ እስከ መቶ 5 እጅ ይፈቀዳል። የቀረውን የከተማው ሰዎች እንደ ወደዱ ያደርጉታል። ከ5 እስከ 9 አባሎች ያሉት ኮሚቴ ይመርጣል፤ በትልቅ ከተማ የከተማው ምክር ቤት፥ በትንሽ ከተማ ደግሞ ነዋሪው ራሱ የሚቀመጥበት ሸንጎ ያጸድቃል። ምክር ቤቱ ወይም ሸንጎው ኮሚቴው ያቀረበውን ሊቀንስ ወይም ሊጥል ይችላል፤ ሊጨምርበት ግን አይችልም። እንግዲህ ሥራው ሁሉ የሚያልቀው በኮሚቴው ዘንድ ነው ማለት ነው።

«ሳይሰጥ ወይም ሳይቀመጥ» ያልነውን ቃል አንባቢ እንዳያልፈው እንሻለን። ለድኻ ቤት የተመደበው ከመቶ 10 እጅ በዓመቱ ቤት ካልተሠራበት ለሌላ ሥራ አይወሰድም፤ ተቀምጦ ይቈያል። ይህ በአንድ በኩል መልካም ጥበቃ ነው። በሌላ በኩል ግን ድኻ ጎረቤት የማይወድ አንድ ባለጸጋ ከተማ ሕጉን ሳይጥስ አሥረኛውን እያስቀመጠ፥ በቀረው ገንዘብ ሜዳውን እያሳመረና የጥንት አዳራሹን እያደሰ መኖር ይችላል። ሜዳው ሲያምርና አዳራሹ ሲታደስ የአካባቢው ቤት ይወደዳል፤ ቤቱ ሲወደድ የሚገፋው ተከራይ ነው። ባለ ቤቱ የከፈላት ጭማሪም በኪራይ ላይ እንዳትታከል የሚከለክል ቃል በሕጉ ውስጥ የለም። ስለዚህ የወንድማችን እኅት ያለችበትን ዓይነት ሰው፥ ስለ እርሱ በወጣ ሕግ አማካይነት ሊጐዱት ይችላሉ።

የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ ከቦስተን ወንዝ ተሻግሮ የሚገኘው ካምብሪጅ ነው። ይህ ከተማ በ2001 ዓ.ም. ሕጉን ተቀብሎ ሙሉውን ከመቶ 3 ጣለና፥ ለረጅም ዓመታት ከገንዘቡ ከመቶ 80 እጅ ለመኖሪያ ቤት፥ 10 ለቅርስ፥ 10 ለክፍት ቦታ ሲያደርግ ኖረ። ሕጉ አላስገደደውም፤ ነዋሪዎቹ በየዓመቱ እየመጡ ስለ ጠየቁ እንጂ። በዚያው ከተማ ፖርተር አደባባይ አጠገብ ፍሮስት ቴራስ የሚባል ስፍራ አለ። በግቢው የነበሩት የጥንት የእንጨት ቤቶች ሳይፈርሱ ታድሰው፥ ከአዲስ ሕንፃ ጋር ተያይዘው፥ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተ ሰቦች 40 መኖሪያዎች ሆነዋል። ቅርስ ጠባቂውና ቤት ፈላጊው በአንድ ጣራ ሥር መስማማት እንደሚችሉ ይህ ያሳያል። የጥንት ቤት ሰው ሲኖርበትና ጢስ ሲወጣው ከመፍረስ እንደሚድን ባላገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ጥበቃ ከተነሣ፥ ሕጉ በቃላት ላይ ያለው ጥንቃቄ የአንድምታ መምህሮቻችንን ያስታውሰናል። ለድኻ የሚሆን ቤት በዚህ ገንዘብ ሊገዛ፥ ሊሠራ፥ ከጥፋት ሊጠበቅና በኪራይ ሊደገፍ ይችላል። «ማደስ» የሚለው ቃል ግን የሚሠራው ቤቱ በመጀመሪያ በዚሁ ገንዘብ የተገዛ ወይም የተሠራ ከሆነ ብቻ ነው። እንግዲህ በሌላ ገንዘብ የተሠራ የድኾች መኖሪያ ጣራው አፍስሶ ሊበሰብስ ቢል ይህ ጥበቃ ነውና ይፈቀዳል፤ ወጥ ቤቱ አርጅቶ በአዲስ ይለወጥ ቢባል ይህ ማደስ ነውና አይፈቀድም። በየዓመቱ የሚደረግ ተራ ጥገናም ከነጭራሹ አይፈቀድም።

ከከተማው ጭማሪ ሌላ ክፍለ ግዛቱም የሚያክለው ገንዘብ አለ። ይህም የሚገኘው የቤትና የመሬት ውል በመዝገብ ቤት ሲመዘገብ ከሚከፈል ክፍያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕጉን የተቀበሉት ከተሞች ጥቂት ስለ ነበሩ እያንዳንዱ የሰበሰበውን ያህል ሙሉውን ይታከልለት ነበር። በኋላ ማዕዱ ሳይሰፋ ተቀማጩ በዛ፤ በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዙር ድርሻ ከአምስት አንድ እንኳ አልደረሰም። ስለዚህ 20 ዶላር የነበረው የመዝገብ ክፍያ በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ 50 ዶላር እንዲሆን ተደረገ፤ ድርሻውም ከወደቀበት ተነሣ። እኛን የከነከነን ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የሚታደለው ገንዘብ ሙሉውን ከመቶ 3 ለጣሉት ከተሞች ብቻ ነው። ሕዝቡ ድኻ ስለ ሆነ ከመቶ 1 ወይም ከ1 ተኩል በላይ ለመጣል ያልደፈረ ከተማ ከሁለተኛው ማዕድ አይደርሰውም፤ በመዝገብ ቤት ግን ነዋሪው እንደ ባለጸጋው እኩል ይከፍላል። ስፕሪንግፊልድና ሆልዮክ በ2016 ዓ.ም. ሕጉን ሲቀበሉ ከመቶ 1 ተኩል ነው የጣሉት። ይህ አደላደል መታረም ያለበት ይመስለናል።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ፥ ይህ ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣልን? ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በአሜሪካ ያሉ ምእመናን ብዙ ጊዜ የሌሎችን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ገዝተው ስለሚገለገሉበት ጥያቄው የቤታችን ጥያቄ ነው። ከቦስተን በስተ ምዕራብ የምትገኘው የአክተን ከተማ ለአንድ የኮንግሪጌሽናል ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ የጥበቃ ጥናት 49,500 ዶላር፥ ለባለ ቀለም መስኮቶቹ ደግሞ 51,237 ዶላር ከዚሁ ገንዘብ ፈቅዳ ነበር። ከመስኮቶቹ በአንዱ ላይ ጌታችንና በፊቱ የተንበረከከች ሴት ተሥለውበታል። ከግብር ከፋዮቹ አንዳንዶቹ ተቃውመው ከሰሱ፤ የክፍለ ግዛቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ዓ.ም. ማርች 9 ቀን ውሳኔውን ሰጠ። ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ብቻ አይሰጥም አላለም። ሦስት ነገር ይመርመር አለ፦ የሰጪው ዓላማ ቤተ ክርስቲያኑን መርዳት ነው ወይ? ውጤቱስ በብርቱ የሚረዳው ነው ወይ? የመንግሥትና የሃይማኖት ገንዘብ ሲደባለቅ የሚመጣውን መከፋፈልና ብልሹ አሠራር ያስከትላል ወይ? የመስኮቶቹ ገንዘብ እንዳይከፈል አገደ፤ የጥናቱን ነገር ለታችኛው ፍርድ ቤት መለሰው።

ይህን ስናነብ በመጀመሪያ ቅር ብሎን እንደ ነበር አንደብቅም። ብናስበው ግን ለመቅደስ ሥዕል የሚሰጥ ገንዘብ መባ የሚባለው ሰጪው ወዶ ሲሰጠው ነው፤ ሃይማኖቱ ሌላ ከሆነ ጎረቤት በግብር ሰብሳቢ እጅ የተወሰደ ሲሆን በዚያ ስም ልንጠራው ይከብደናል። ስለዚህ በዚያ የሚኖሩ የሰበካ ጉባኤ አባላት ሊያመለክቱ ቢያስቡ ሕግ ዐዋቂ ሳያማክሩ ባይነሡ እንመክራለን። ለሥዕሉና ለመቅደሱ ግን ከራሳችን ቤት እንሰብስብ።

አሁን ወደ ወንድማችን ደብዳቤ እንመለስ። በቀይ ያሰመሩባት ገንዘብ ከሌሎች ጋር ተጠራቅማ እንደ እኅታቸው ላሉ ሰዎች ቤት ልትሆን ትችላለች፤ ለሜዳ ሣርም ልትሆን ትችላለች። ኮሚቴው የሕዝቡን ችግርና ፍላጎት ለመስማት በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በግልጥ እንዲሰበሰብ ሕጉ ያዝዛል። በዚህ ዓይነት ጉባኤ ጊዜ ያላቸው ሰዎች መናፈሻቸውንና የጥንት ቤታቸውን ሊያነሡ ይመጣሉ፤ አይነቀፍባቸውም። የሌሊት ተረኛ የሆነው ተከራይ፥ ሕፃን የምታስተኛዋ እናት፥ ቋንቋው የሚቸግረው ስደተኛ ግን አይገኝም። ስሟን በዕጣ መዝገብ ላይ አስፍራ አራት ዓመት የጠበቀች ሴት ዕጣው የሚወጣበት ቤት ይሠራ ወይም አይሠራ እንደ ሆነ የሚመከረው በዚያ አዳራሽ መሆኑን የነገራት የለም።

እንግዲህ ወንድማችን የሚቀጥለው ጉባኤ መቼ እንደሚሆን ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቀው እኅታቸውን ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው፤ እርሷ ሥራ ላይ ብትሆን እርሳቸው የግብር ወረቀታቸውን ይዘው ይግቡ። ባለፈው ዓመት ከገባው ገንዘብ ለመኖሪያ ቤት የተሰጠው ስንት እጅ እንደ ሆነ፥ ከእርሱም ሥራ ላይ የዋለውና እስከ አሁን የተቀመጠው ስንት እንደ ሆነ ይጠይቁ። የተሰጣቸውን መልስ ቢጽፉልን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።