ድምፅን በዓይን ስለ ማየት

ጆሮ ያልለየውን ነገር ብዕር አቅንቶ ሊጽፈው አይችልም። ይህም በመተማና በገላባት በር ለሚያገለግል ሹም ትልቅ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ከተሞች ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው፤ ከገላባት ወደ ገዳሪፍ የሚወስደውም መንገድ የሰሊጥና የማሽላ ነጋዴ፥ የአዝመራ ሠራተኛና ስደተኛ ሲመላለስበት የኖረ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም ብዙ ሕዝብ በዚሁ በር ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል።

እንግዲህ አንዲት እናት ወደ ሹሙ ቀርባ «ልጄ ጠፋ» ብትለውና እርሱ «ልጄ ተፋ» ብሎ ቢሰማ፥ ፈላጊ መላክ ሲገባው ሐኪም ይጠራል። በዚህ መካከል የሚባክነው ሰዓት የልጁ ሰዓት ነው።

ዐረብኛን ከአፉ የፈታ ተማሪ በዚህ ቢቸገር አያስደንቅም። የዐረብኛው «ጣ» የምላስ ሥር ወደ ኋላ ተስቦ የሚነገር ሲሆን፥ የአማርኛው «ጠ» ግን ጉሮሮ ተዘግቶ የታፈነው አየር ሲፈነዳ የሚወጣ ነው።

ለዚህ ችግር ኮምፒዩተር መልካም ረዳት ሆኖ ተገኝቷል። ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። በማይክሮፎን ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ከአየሩ ጋር ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ኮምፒዩተሩ ይህን በተለመደው አሠራር በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በቁጥር ይመዘግበዋል። ቁጥሮቹ በተርታ ሲሳሉ የሞገድ ሥዕል ይሆናሉ፤ አግድሙ ጊዜን፥ ከፍታው የድምፁን ብርታት ያሳያል። በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፖል ቡርስማና ዴቪድ ዌኒንክ የሠሩት «ፕራት» የተባለው ፕሮግራም ይህን ሥራ ያለ ዋጋ ይሠራል።

«ተፋ» ብለን በቀዳን ጊዜ፥ ምላስ ከተላቀቀ በኋላ እንደ ትንፋሽ ያለ ደቃቅ መስመር ታይቶ አናባቢው ይከተላል። «ጠፋ» ባልን ጊዜ ግን አንድ ሹል ምት ይታይና፥ ከአናባቢው በፊት ጥቂት ጸጥታ ይሆናል። ያ ጸጥታ ጉሮሮ እንደ ተዘጋ የቆየበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም፥ ፊደላችን የማይጽፈውን መጥበቅና መላላት ማሳየቱ ነው። «ወንድሜ ይመታል» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ወንድምየው መቺ ነው፤ «መ» እና «ታ» ጠብቀው ሲነበቡ ተመቺ ነው። በጽሕፈት አንድ ናቸው፤ በፍርድ ፊት ግን እጅግ ይራራቃሉ። በሥዕሉ ላይ «ታ» ሲጠብቅ ከፍንዳታው በፊት ያለው ዝምታ ይረዝማል፤ «መ» ሲጠብቅም በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ ይረዝማል።

ለመለማመድ የሚሻ ሰው ጸጥ ያለ ክፍል ይምረጥ፤ ማይክሮፎኑንም ትንፋሽ እንዳይመታው ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ፥ ወደ ጎንም ዘወር ያድርገው። አስቀድሞ አማርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ባልንጀራው ቃሉን አምስት ጊዜ ይበልለት፤ ከዚያም እርሱ ይድገመውና ሁለቱን ሥዕሎች አንዱን ከሌላው በላይ አድርጎ ያስተያያቸው። የባለጉዳይን ቃል ግን ያለ ፈቃዱ መቅዳት አይገባም።

መሣሪያው ጆሮን ያሠለጥናል እንጂ በጆሮ ፈንታ አይፈርድም። ስለዚህ ሹሙ በተጠራጠረ ጊዜ «ይቅርታ፥ እንደ ገና ይንገሩኝ» ብሎ መጠየቅን እንደ ውርደት አይቍጠረው፤ ቃሉን በትክክል ሳይሰማ መዝገብ መሙላት ግን ለባለጉዳዩም ለመንግሥትም ጉዳት ነው።