በክረምት በቤት ውስጥ ስለሚያብቡ አበቦችና ቅጠላቸውን ስለ መካፈል



በእኛ አገር ክረምት በተባለ ጊዜ ወደ ልባችን የሚመጣው ዝናቡና ጭቃው፤ የሐምሌ ጉምና የነሐሴ ጎርፍ ነው። በሰሜን ወገን ባሉት አገሮች ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ እህል በሚታጨድበት፤ ሰማዩም ጥርት ብሎ በሚታይበት በታኅሣሥ ወር፤ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ፀሐይ የምትታየው ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በአዲስ አበባ በዚያው ወር ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰዎች በውጭ ያለው ተክል ሁሉ በበረዶ ተሸፍኖ ሲተኛ፤ አበባን ወደ ቤት አስገብተው በመስኮት ደፍ ላይ ያኖራሉ። በማታ ጊዜ በመንገድ የሚያልፍ ሰው በየመስኮቱ አንድ መብራትና አንድ የአበባ ማሰሮ ያያል።

ዛሬ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በነዚህ ቀዝቃዛ አገሮች ቤትና ልጆች አፍርተው ስለሚኖሩ፤ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ቃል ለመናገር አሰብን። ከብዙዎቹም አበቦች መካከል ሴንትፖልያ የምትባለውን፤ እንግሊዞች የአፍሪካ ቫዮሌት የሚሏትን ትንሽ አበባ መረጥን።

ይህች አበባ ከፈረንጅ አገር የተገኘች ትመስላለች እንጂ ትውልዷ በምሥራቅ አፍሪካ ነው። በታንዛንያ በኡሳምባራ ተራሮች፤ ጥላ በሞላበት ደን ውስጥ፤ በእርጥብ ዓለት ላይ ትበቅላለች። አገሩ በጀርመኖች ግዛት ሥር ሳለ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ባሮን ቫልተር ፎን ሴንት ፖል የሚባል ሹም አገኛትና ወደ አባቱ ላከ። አባቱም በሐኖቨር ከተማ የሄረንሐውዘንን የአትክልት ቦታ ለሚያስተዳድረው ለሄርማን ቬንድላንድ ሰጠ፤ እርሱም በ1893 ዓ.ም. በሹሙ ስም ሴንትፖልያ ብሎ ሰየማት። በ2015 ዓ.ም. የዕፀዋት ሊቃውንት መርምረው ስትሬፕቶካርፐስ ከሚባለው ወገን ቆጥረዋታል፤ የገበያው ሰው ግን የቀድሞ ስሟን አልተወም። በዓለም መስኮት ሁሉ ላይ እንዲህ የበዛች ስትሆን፤ በተወለደችበት ተራራ ደኑ እየተመነጠረ ከዱር ወገኖቿ ብዙዎቹ ለመጥፋት መቃረባቸው የሚያሳዝን ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በስቶክሆልም ተቀምጠን ነበር። በገባንበት ፎቅ ከእኛ በታች የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እመቤት፤ በኅዳር ወር፤ ሐምራዊ አበባ የሞላባትን አንዲት የሸክላ ማሰሮ ይዘው መጥተው «እንኳን ደኅና ገባችሁ» አሉን። አበባዋም ከሟች እኅታቸው መስኮት ከተቆረጠ ከአንድ ቅጠል የመጣች መሆንዋን ነገሩን። እኛም እንግዳን አብልቶና አጠጥቶ ማጥገብ ልማዳችን ስለሆነ፤ ለዚህች እንግዳ ጧትና ማታ ውሃ እናፈስላት ጀመር። ጥር ሳያልቅ እምብርቷ ለስልሶ በሰበሰ፤ ቅጠሎቿም እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆነው ወደቁ። እመቤቲቱ ቡና ሊጠጡ በመጡ ቀን ባዶውን ማሰሮ ከመጋረጃው በስተኋላ ሸሸግነው።

ጥፋታችን ምን እንደ ነበረ በኋላ ተምረናል። ይህች ተክል በዓለት ላይ የበቀለች ስለሆነች እግሯ በውሃ ውስጥ ሲቆም ትሞታለች። የላዩ አፈር በጣት ሲዳሰስ ደረቅ ሆኖ ካልተገኘ ውሃ አይሰጣትም። በሚሰጥበትም ጊዜ፤ ማሰሮዋ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ይሁንና፤ ለብ ያለ ውሃ በሳሕን ላይ አፍስሶ ማሰሮዋን በዚያ ማስቀመጥ ነው፤ አፈሩ የሚበቃውን ከጠጣ በኋላ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ፤ የቀረውን መድፋት ይገባል። ቀዝቃዛ ውሃ በቅጠሏ ላይ ቢነጥብ የማይለቅ ነጭ ምልክት ይተዋል።

ስለ ሙቀቱም፤ ለሰው የተስማማ ክፍል ለርሷም ይስማማታል፤ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ መልካም ነው። ነገር ግን በመስኮቱ መስተዋት አጠገብ ሌሊቱን ብርዱ ስለሚበረታ፤ ሲመሽ ወደ ውስጥ ፈቀቅ ማድረግ ያስፈልጋል። የቤት ማሞቂያው አየሩን እጅግ ስለሚያደርቀው፤ ጠጠርና ውሃ በተጨመረበት ሳሕን ላይ፤ የማሰሮው ሥር ውሃውን ሳይነካ ቢያስቀምጧት ትደሰታለች። ፀሐዩ በማይበቃበት አገር በቀን 12 ሰዓት ያህል የኤሌክትሪክ መብራት ከበላይዋ ቢበራላት በክረምት እኩሌታ እንኳ ታብባለች።

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ። አበባዋ ከመሞትዋ በፊት፤ በታኅሣሥ፤ በከተማው ዳር ለሚኖሩ ለአንዲት የአገራችን ባልቴት ሦስት ቅጠል ሰጥተን ነበር። እኒህ ሴት፤ እትዬ እያልን የምንጠራቸው፤ የአበባ ማሰሮ ስላልነበራቸው ቅጠሎቹን በቡና ስኒ ላይ ተከሏቸው። እኛም ከዚያ ወዲያ ነገሩን ረሳነው።

በየካቲት ጎረቤታችን ታመው ሆስፒታል ገቡ። እርሳቸው በሌሉበት ቤቱን ለማናፈስ የተከፈተ መስኮት ሳይዘጋ አደረና በመስኮቱ ደፍ ላይ የነበሩት አበቦች ሁሉ በብርድ ጠቁረው ሞቱ። በሚያዝያ ወር በምርኩዝ እየተደገፉ ደረጃውን ወጥተው ደጃችንን መቱ። «የእኅቴ አበባ ከእኔ ዘንድ ጠፍታለች፤ በእናንተ ዘንድ ግን ስላለች ደስ ይለኛል፤ አንድ ቅጠል ስጡኝ» አሉን። ባዶውን ማሰሮ ከመጋረጃው በስተኋላ አውጥተን ከማሳየት በቀር የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። እመቤቲቱም ዝም ብለው ማሰሮውን ጥቂት ጊዜ በእጃቸው ይዘው ቆዩ፤ ከዚያም «ይህ ማሰሮ የርሷ ነበረ» ብለው ወረዱ።

በማግሥቱ ወደ እትዬ ቤት ገሠገሥን። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ሣቁና «ልጆቼ፤ ከሰጣችሁኝ ሦስት ቅጠል አንዱ ሞተ፤ ሁለቱ ግን ወልደዋል» አሉ። በመስኮታቸው ላይ በሁለት ስኒ ከየቅጠሉ እግር ሥር የአይጥ ጆሮ የሚያህሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ብቅ ብቅ ብለው አየን።

የዚህም ሥራ እንዲህ ነው። ከዳር ካለው ካረጀው ሳይሆን፤ ከእምብርቱም ካለው ለጋ ሳይሆን፤ ከመካከለኛው ዙር ጤነኛውን ቅጠል መርጦ፤ ዘንጉን ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ትቶ በሰላ ቢላዋ ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ነው። አሸዋ በተቀላቀለበት ቀላልና እርጥብ አፈር ላይ ይተከልና ብርጭቆ ይደፋበታል። በአንድ ወር ገደማ ሥር ይሰዳል፤ በሁለት ወይም በሦስት ወር ልጆቹ ይታያሉ፤ ከአንድ ቅጠልም ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ችግኝ ይገኛል። ለማበብ ግን ዓመት ያህል ሊቆይ ይችላልና መታገሥ ነው። አበባዋ እንደ ጥለት መስመር ያለባት ዓይነት ግን ከቅጠል ስትወለድ እናቷን ስለማትመስል፤ እንዲህ ያለችውን ለወዳጅ ተስፋ ከመስጠት መጠንቀቅ ይሻላል።

በገና ሰሞን የሚያብበው፤ ከብራዚል ተራሮች የመጣው ቁልቋልም ሁለት ሦስት ዓንጓ ተቆርጦ፤ አንድ ሁለት ቀን ደርቆ፤ ሲተከል ይበቅላል። እንቡጥ የሚያወጣው ሌሊቱ ሲረዝምና ክፍሉ ቀዝቀዝ ሲል ነው፤ እንቡጥ ካወጣ በኋላ ግን ከቦታ ቦታ ቢያዛውሩት ያረግፋል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ጀራንየም ደግሞ ክረምቱን በቀዝቃዛና ብርሃን ባለበት ክፍል ጥቂት ውሃ እየተሰጠው ያሳልፋል።

ተክል ለወዳጅ በሚወሰድበት ጊዜ ሁለት ነገር አይዘንጋ። አንደኛው ብርዱ ነው፤ በጣም በሚበርድበት ቀን በደጅ የሚያልፍ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ሊገድላት ይችላልና በብዙ ወረቀት መጠቅለል ይገባል። ለዚህም ተነብቦ የተፈጸመ ጋዜጣ የሚሻለው የለም፤ የእኛንም ቢሆን አንቀየምም። ሁለተኛው፤ ከሌላ ቤት የመጣች አበባ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ተባይ ይዛ ልትመጣ ስለምትችል፤ ጥቂት ሳምንት ከሌሎቹ ተለይታ ትቀመጥ።

እኛም የእትዬን ስኒ እንዲሁ ጠቅልለን ለጎረቤታችን አደረስን። ለእኅታቸው ማሰሮ ችግኙ ገና ትንሽ ስለ ነበረ፤ ቢያድግ እንዲዛወር፤ ስኒውም ቀዳዳ ስለሌለው ውሃ እንዳይበዛበት ነገርናቸው። በሚቀጥለው ክረምት አበባዋ በወጣች ጊዜ እትዬን ይዘን ሄድን። ተክሏ በማሰሮው ውስጥ ነበረች። ስኒው ግን ታጥቦ በመደርደሪያ ላይ፤ ከእኅታቸው ፎቶግራፍ አጠገብ ተቀምጦ አገኘነው። እትዬም ወደኛ ዘወር ብለው በአማርኛ «የስድስቱ ስኒ አምስት ሆኖ ቀረ» አሉና ቡናቸውን ጠጡ።